የሰፈር ሰው ጥያቄና የዩኒቨርሲቲ ሰው ዕውቀት



ባለፈው መንፈቅ ዓመት አንድ ጠዋት፣ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ለክፍሉ የሚጠጣ ውሃ በአምስት ሊትር ጀሪካን ይዞ መጣ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግን አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ወጣ። ጀሪካኑን አገላብጬ ባየው በጎኑ ላይ የተፋቀ ወረቀት አለበት፤ ከወረቀቱ ላይ ሳይፋቅ የቀረው የራስ ቅል ሥዕል ነበር። እናቱን አስጠርቼ ጠየቅኋቸው። ከገበያ በርካሽ ገዝተው፣ በአመድና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥበው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ሲቀዱበት ቆይተዋል። «መምህር፣ ታጥቧል እኮ» አሉኝ።

ይህን የጻፍሁት እኒህን እናት ለመውቀስ አይደለም። ጀሪካኑ ከየት እንደመጣ፣ በፊት ምን ተይዞበት እንደነበረ የነገራቸው ሰው የለም። ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ይሁንና ያን ዕለት ማታ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ብሎ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ማን ነው? እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት ተምሬ ያቋረጥሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የለውም። ያለን አፍንጫችንና ጥያቄያችን ነው። ለመሆኑ በጥያቄ ብቻ ምን ያህል መንገድ መሄድ ይቻላል?

ይህን ለመመለስ፣ የአንዲት ከተማ ነዋሪዎች ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ሆነው የሠሩትን ሥራ ለዛሬው ትምህርታችን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. መርዛማ ዝቃጭ ምንድን ነው?

ቆሻሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሽንኩርት ልጣጭ ይበሰብሳል፤ ውሎ አድሮም አፈር ይሆናል። መርዛማ ዝቃጭ የምንለው ግን ከፋብሪካ፣ ከጋራዥ፣ ከሆስፒታል ወይም ከእርሻ መድኃኒት የሚተርፍ፣ ሰውነትን የሚጎዳ ነገር ነው። ሦስት ጠባዮቹን እናጥና።

ሀ/ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ውሃ ጥርት ብሎ እያለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። የደፈረሰ ውሃ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ የጠራ ውሃም ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ለ/ አይሞትም። ጀርም ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ውሃው ሲፈላ ወይም ክሎሪን ሲገባበት ይሞታል። ኬሚካል ግን ሕይወት የለውም፤ ስለዚህ የሚሞት ነገር የለውም። እርሳስ ያለበትን ውሃ ብታፈሉት ውሃው በእንፋሎት ይቀንሳል፤ እርሳሱ ግን በቀረው ውሃ ውስጥ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ እርሳስ ስል የምትጽፉበትን ማለቴ አይደለም። በመጻፊያችሁ ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። እኔ የምለው በመኪና ባትሪ ውስጥ የሚገኘውን ከባድ ብረት ነው።

ሐ/ ይዘገያል። የተበላሸ ምግብ የበላ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ያመዋል፤ ምክንያቱንም ያውቀዋል። መርዛማ ዝቃጭ ግን ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰዎች የጠጡትን ውሃ ረስተውታል፤ ጉድጓዱም ተዘግቶ ይሆናል፤ ዝቃጩን የደፋውም ሰው ሥራ ለውጦ ይሆናል። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

2. በዉበርን ከተማ የሆነው

ዉበርን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ከቦስተን በስተሰሜን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ከጥንት ጀምሮ በቆዳ ፋብሪካዎቿ ትታወቅ ነበር። ኋላም የኬሚካልና የብረታ ብረት ሥራ ተጨመረባት። የከተማው አስተዳደር በ1964 አንድ፣ በ1967 ደግሞ ሌላ የጉድጓድ ውሃ አስቆፍሮ ለምሥራቁ ሰፈር አደለ። ጉድጓዶቹ «ጂ» እና «ኤች» በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠሩ ነበር። ነዋሪዎቹ ውሃው ጣዕሙና ሽታው መጥፎ ነው እያሉ አቤቱታ ማቅረብ የጀመሩት ወዲያውኑ ነበር።

በዚያ ሰፈር አን አንደርሰን የምትባል እናት ትኖር ነበር። በ1972 ሦስት ዓመት የሆነው ልጇ ጂሚ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር መያዙ ታወቀ። አን ልጇን ይዛ ሆስፒታል ስትመላለስ ከራሷ ሰፈር የመጡ፣ ልጆቻቸው በዚሁ በሽታ የተያዙ ወላጆችን ማግኘት ጀመረች። በሽታው ብዙ ጊዜ የማይገጥም ነው። ታዲያ በአንድ ሰፈር እንዴት ይህን ያህል ሊሆን ቻለ? ሁላቸውን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አየሩና ውሃው ነው ስትል አሰበች። ውሃው እንዲመረመር ባለሥልጣኖችን ለመነች፤ በአንድ ግለሰብ ጥያቄ ምርመራ አናደርግም የሚል መልስ ተሰጣት። ያነጋገረቻቸው ሰዎችም አላመኗትም። ሐዘን ያናገራት መሰላቸው። የሰበካዋ ቄስ ብሩስ ያንግ ሳይቀሩ መጀመሪያ ላይ አልተቀበሏትም ነበር።

በግንቦት 1979 ግን ሳይታሰብ አንድ ነገር ሆነ። ከጉድጓዶቹ ብዙም ሳይርቅ ባለ ባዶ ቦታ ላይ 184 በርሜል የኢንዱስትሪ ዝቃጭ ተጥሎ ተገኘ። በዚህ ምክንያት በአቅራቢያው ያሉት ጉድጓዶች ተመረመሩ። የሚገርመው፣ ጉድጓዶቹን የበከሏቸው እነዚያ በርሜሎች አልነበሩም። ብክለቱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ በአካባቢው ካሉ የፋብሪካ ይዞታዎች ነበር። ነገር ግን በርሜሎቹ ባይገኙ ኖሮ ምርመራው ባልተደረገም ነበር። በአንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ትራይክሎሮኢቲሊን የሚባል ብረት ከቅባት ለማጽዳት የሚያገለግል ኬሚካል ተገኘ። መጠኑ በቢሊዮን 267 እጅ ነበር። ሁለቱም ጉድጓዶች ወዲያውኑ ተዘጉ።

በቢሊዮን 267 እጅ ማለት ምን ማለት ነው? በምናውቀው በሃያ ሊትሩ ጀሪካን እናስላው። የውሃ ጠብታ አንድ ሃያኛ ሚሊ ሊትር ያህል ናት እንበል። በቢሊዮን አንድ እጅ ማለት በ2500 ጀሪካን ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ማለት ነው። በቢሊዮን 267 እጅ ሲሆን በግምት በየዘጠኙ ጀሪካን ውስጥ አንድ ጠብታ ይሆናል። ትንሽ አይመስላችሁም? የአሜሪካ መንግሥት ኋላ ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ትልቁ መጠን ግን በቢሊዮን 5 እጅ ብቻ ነው። ይኸውም በ500 ጀሪካን ውስጥ አንድ ጠብታ መሆኑ ነው።

ይህ ኬሚካል ከውሃ የከበደ ነው። መሬት ላይ ሲደፋ አፈሩን ሰርጎ ይወርዳል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ሲደርስም ተንሳፎ አይቀርም፤ ወደ ታች ይሰምጣል። ከዚያ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ በዝግታ ይጓዛል። ጓሮው የተደፋበት ሰውና ቧንቧው የተበከለበት ሰው ጎረቤት ላይሆኑ ይችላሉ።

3. ካርታውና እርሳሱ

ቄስ ብሩስ ያንግ ይህን ሲሰሙ ወደ አን ተመለሱ። በከተማው ጋዜጣ ላይ ልጆቻቸው በሉኪሚያ የተያዙ ወላጆች እንዲመጡ ማስታወቂያ አወጡ። ቤተሰቦች መጡ። ሁለቱ ሰዎች የከተማውን ካርታ ዘርግተው በየቤቱ ላይ ምልክት አደረጉ። አሥራ ሁለት ሕፃናት ተቆጠሩ፤ ከእነዚህ ስድስቱ ተቀራርበው የሚኖሩ ነበሩ። ካርታውን የጂሚ ሐኪም ሲያዩት፣ ቀድሞ የተጠራጠሩት እኒሁ ሐኪም ራሳቸው ወደ አገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደወሉ።

የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች በጥር 1981 ባወጡት ዘገባ ከ1969 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት በከተማዋ በሉኪሚያ የተያዙት ሕፃናት 12 ሲሆኑ፣ ሊጠበቅ የሚገባው 5.3 ነው አሉ። ልጆች፣ «የልጅ ሦስት አሥረኛ እንዴት ይኖራል?» ትሉ ይሆናል። ይህ አማካይ ነው። በአገሩ ውስጥ ይህ በሽታ ምን ያህል እንደሚደርስ ታስቦ፣ ይህን የሚያህል ሕዝብ ባላት ከተማ ስንት ልጆች ይያዛሉ ተብሎ ሲሰላ የሚገኝ ቁጥር ነው። ስለዚህ በሽታው ከሚጠበቀው ከእጥፍ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ ምክንያቱ ውሃው ነው ለማለት አልቻሉም። ውሃው ከ1979 በፊት ምን እንደያዘ የሚያሳይ ምርመራ አልነበረምና። ጂሚ አንደርሰን በዚያው በጥር ወር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሞተ።

ለምን ወዲያውኑ ምክንያቱ ውሃው ነው አይባልም? አንድ እፍኝ ሽምብራ መሬት ላይ በትኑ። ፍሬዎቹ እኩል ተራርቀው አይወድቁም። አንዳንድ ቦታ አምስት ስድስት ሆነው ይከማቻሉ፤ ሌላ ቦታ ባዶ ይሆናል። ያከማቻቸው ሰው የለም፤ አጋጣሚ ነው። በሽታም እንዲሁ በአጋጣሚ አንድ ሰፈር ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ካርታ ጥያቄ ያነሣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ከካርታው በኋላ ያለውን መንገድ ለመሄድ ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል።

4. ዩኒቨርሲቲው የመጣው እዚህ ላይ ነው

አን አንደርሰንና ቄስ ያንግ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ቀርበው ታሪኩን ተናገሩ። ከአድማጮቹ መካከል ማርቪን ዜለንና ስቲቨን ላጋኮስ የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ መምህራን ነበሩ። እነርሱም ጥናቱን ለመሥራት ፈቃደኛ ሆኑ። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን የሚያነጋግር ሰው መቅጠሪያ ገንዘብ አልነበረም። የሥራ ክፍፍሉ እንግዲህ እንዲህ ሆነ።

ሀ/ ጥያቄው የሰፈሩ ሰዎች ነበር። ምን መታወቅ እንዳለበት፣ የት መፈለግ እንዳለበት እነርሱ ያውቃሉ።

ለ/ ዘዴው የመምህራኑ ነበር። መጠይቁን አዘጋጁ፤ እንዴት እንደሚጠየቅ አሠለጠኑ፤ የተገኘውን ቁጥር አሰሉ።

ሐ/ ጉልበቱ የሁላቸውም ነበር። ከሦስት መቶ በላይ በጎ ፈቃደኞች ስልክ እየደወሉ ከአምስት ሺህ በላይ ቤተሰቦችን አነጋገሩ። ስንት እርግዝና ነበር? ሕፃኑ በሕይወት ተወለደ ወይ? ከልደት ጀምሮ ጉድለት ነበረበት ወይ? ልጆቹ ምን ታመሙ? እያሉ እየጠየቁ መዘገቡ።

መ/ የእያንዳንዱ ቤት ውሃ በየትኛው ዓመት ምን ያህሉ ከሁለቱ ጉድጓዶች እንደመጣ የሚያሳየው ስሌት ከጥያቄው ተለይቶ ለብቻው ተሠራ። ይህ ለምን አስፈለገ? ጠያቂው «ይህ ቤት መርዝ ሲጠጣ የኖረ ነው» ብሎ ካወቀ ሳያስበው መልሱን ሊያጣምም ይችላል። ተጠያቂውም ካወቀ ያልታመመውን ታምሞ ነበር ሊል ይችላል። ሁለቱም ካላወቁ ግን መልሱ ንጹሕ ይሆናል። ልጆች፣ ይህን ነጥብ በደንብ ያዙት። ሐቀኛ ሰው እንኳን የሚፈልገውን መልስ ወደ ማየት ያዘነብላል። ሳይንስ የሚያደርገው ሐቀኛውን ሰው ከራሱ ምኞት መጠበቅ ነው።

ውጤቱ በየካቲት 1984 ለሕዝብ ተነገረ። ከሁለቱ ጉድጓዶች ብዙ ውሃ በደረሳቸው ቤቶች የሕፃናት ሉኪሚያ፣ አንዳንድ የልደት ጉድለቶችና የኩላሊትና የመተንፈሻ አካል ሕመሞች በዝተው ተገኙ። ጥናቱ በ1986 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ።

5. ተቃውሞውና ፍርዱ

ሁሉም ሰው አጨበጨበ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጥናቱ በብርቱ ተተቸ። ከበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ከመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያው ከሃርቫርድም ውስጥ ሳይቀር ተቺዎች ተነሡ። «መረጃውን የሰበሰቡት ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ናቸው፤ እንዴት ይታመናሉ?» የሚል ነበር ዋናው ነቀፌታ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መምህራኑም በስድብ አልመለሱም። ውሃው ፈጽሞ ያልደረሰውን የከተማዋን ክፍልና ጉድጓዶቹ ከመከፈታቸው በፊት የነበረውን ዘመን አነጻጽረው ልዩነት እንዳልነበረ አሳዩ። ይህም መላሾቹ በሽታ አጋነው አላወሩም ለማለት ይረዳል።

ከዚያም ጊዜ ሌላ ማስረጃ ጨመረ። የክፍለ ሀገሩ ጤና መሥሪያ ቤት በራሱ ሌላ ጥናት አደረገ። በ2002 በታተመው በዚህ ጥናት 19 የታመሙና 37 ያልታመሙ ልጆች ተነጻጽረው፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወራት ያን ውሃ የጠጡ ልጆች የበለጠ አደጋ እንደነበረባቸው የሚጠቁም ውጤት ተገኘ። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ አጥኚዎቹ በጥንቃቄ ነው የተናገሩት። እኛም እንደዚያው በጥንቃቄ እንናገር፤ «ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ» ሳይሆን «ማስረጃው ወደዚያ ያመለክታል» እንበል።

ቤተሰቦቹ በ1982 ክስ መሥርተው ነበር። ጉዳዩ በ1986 ታይቶ ከተከሰሱት ሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች አንዱ ነጻ ሲባል፣ ሁለተኛው በ8 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ጨረሰ። መሬቱንና ውሃውን ለማጽዳት ደግሞ በ1991 ኩባንያዎች ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ እንዲሸፍኑ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። ጥቂት በርሜል ዝቃጭ በደንቡ ለማስወገድ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የጂሚን ዋጋ ግን የሚያስል የለም።

6. ከዚያ ወዲህ

በአሜሪካ በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባል የተበከለ መሬት ማጽጃ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ በ1986 ሲሻሻል ሁለት ነገር ተጨመረበት። አንደኛው፣ በተበከለ መሬት አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች የራሳቸውን ባለሙያ የሚቀጥሩበት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ እርዳታ ነው። ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲዎች መርዛማ ዝቃጭን የሚያጠኑበት ገንዘብ ነው። በ1990ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ለከተማ ሰፈሮች በነጻ ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎችን አሰማሩ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ቀላል ይመስላል። መንግሥትና ኩባንያ የጻፉትን ወፍራም ዘገባ አንብቦ፣ ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትና ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማሳየት ነው። በፍርድ ቤት ለማንም አይቆሙም። ሰው ሊያነበው የማይችለው ዘገባ ከሌለ ዘገባ አይሻልም፤ ስለዚህ ማስረዳቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ከ2013 ጀምሮ የከተማ ነዋሪዎች የጓሮ አፈራቸውን በፖስታ እየላኩ እርሳስ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚያስመረምሩበትን መንገድ ከፈተ።

ወደ እኛ እንቅረብ። በኬንያ ሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል መንደር ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበር። በዚያው ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ ሕፃን ልጇ ታመመባት፤ በደም ምርመራ እርሳስ ተገኘበት። እርስዋም ሥራውን ትታ ለመንደሩ ተሟገተች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ። በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ፈረደ፤ ጉዳዩ በይግባኝ ተንከባልሎ በ2024 መጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። እዚህም የመጀመሪያዋ ጠያቂ እናት ነበረች፤ ላቦራቶሪ የመጣው ከእርስዋ በኋላ ነው።

በአገራችንም የአዲስ አበባን የምታውቁ ወላጆች የአቃቂን ወንዝ ታስታውሱታላችሁ። የቆዳ ፋብሪካዎችና ሌሎች ኢንዱስትሪዎች ዝቃጭ ሲደፋበት ኖሯል። ከወንዙ በሚጠጣ መሬት የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርምረው ከባድ ብረቶችን አግኝተውበታል።

7. በእኛ ካምፕ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ወላጆች እንዳትደነግጡ። በካምፕ ውስጥ በውሃ ምክንያት የሚመጣው ሕመም በአብዛኛው ከጀርም ነው። ስለዚህ ክሎሪን የገባበትን የቦኖ ውሃ ኬሚካል ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ክሎሪኑ ልጆቻችሁን ከኮሌራ ይጠብቃል። የምንጠነቀቀው ለሚከተሉት ነው።

ሀ/ ጀሪካን። የፀረ ተባይ፣ የነዳጅ፣ የአሲድ ወይም የማይታወቅ ነገር የተያዘበትን ጀሪካን ለውሃም ለዘይትም አትጠቀሙ። ፕላስቲክ ኬሚካልን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ ስለዚህ ሳሙናና አመድ አያወጣውም። ምንጩን ካላወቃችሁ አትግዙ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ብሱት።

ለ/ ባትሪ። የሬዲዮና የፋኖስ ባትሪ ድንጋይ ከማገዶ ጋር አትጨምሩ። የመኪናና የሶላር ባትሪ ልጆች አይክፈቱ፤ በግቢ ውስጥም እርሳስ አይቅለጥ። የእርሳስ ጢስና አቧራ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ለሕፃን ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። በባትሪ ጥገና የሚተዳደር አባት ልብሱን ሳይለውጥና እጁን ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ። የሰው እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥራውን ተዉ ሳይሆን ሥራውን ከልጆች አርቁ ነው የምለው።

ሐ/ መዝገብ። እንግዳ ሽታ፣ እንግዳ ቀለም፣ የተጣለ በርሜል ስታዩ አትንኩ። ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን በደብተር ጻፉ። «ሰዎች ሁሉ ታመሙ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሦስተኛው ቦኖ ከቀዱት ስድስት ቤቶች አራቱ ውሃው ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል አሉ» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ነው። የታመመ ሰው ስም አትጻፉ፤ ማንንም በስም አትወንጅሉ። የጻፋችሁትን ለውሃ ኮሚቴው፣ ለጤና ጣቢያው ወይም ለአስተማሪያችሁ ስጡ፤ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ።

የዚያ ልጅ ጀሪካን ምን እንደተያዘበት እስከ ዛሬ አላወቅንም። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ መጥተው አዩት፤ ተበስቶ ተወገደ። ለቤተሰቡ ሌላ ጀሪካን ተገኘላቸው። ልጁ ደህና ነው። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ በብሎካቸው ያሉትን ቤቶች እየዞሩ ጀሪካናቸውን አገላብጠው ማየት ጀመሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የራስ ቅል ሥዕል ያለባቸው ሁለት ጀሪካኖች አገኙ። ማንበብ አይችሉም። ሥዕሉን ግን ያውቁታል፤ ቦታውንም ልጃቸው በደብተር ጻፈላቸው።

መልመጃ

1. በዉበርን የተያዙት ሕፃናት 12፣ የሚጠበቀው 5.3 ከሆነ የተገኘው ከሚጠበቀው ስንት እጥፍ ነው?

2. በቢሊዮን 267 እጅ ከተፈቀደው በቢሊዮን 5 እጅ ስንት ጊዜ ይበልጣል?

3. ክሎሪን ጀርምን ገድሎ እርሳስን የማያስወግደው ለምንድን ነው? በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዱ።

4. አንድ እፍኝ ሽምብራ አራት ማዕዘን በተሠመረ መሬት ላይ በትናችሁ በየማዕዘኑ ስንት እንደወደቀ ቁጠሩ። አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚህ ምን ተማራችሁ?

5. በስልክ የሚጠይቁት በጎ ፈቃደኞች የእያንዳንዱን ቤት የውሃ ስሌት ቢያውቁ ኖሮ ጥናቱ ምን ይጎድለው ነበር?

6. ከወላጆቻችሁ ጋር የምትሠሩት፤ በቤታችሁ ያሉትን ጀሪካኖች ሁሉ ቁጠሩ። የስንቶቹን የቀድሞ ይዘት በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ? ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ክፍል ውስጥ ደምረን ካርታ እንሠራለን።